ስለ ኢምፕላኖንና ስለ ሉፕ ቀድሞ ቢነገረኝ ኖሮ

አስቀድሜ ልናገር፣ ሐኪም አይደለሁም። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስፌት ላይ የሠራሁ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ኢምፕላኖንን ስለመሰለው ክንድ ላይ ስለሚቀበረው የወሊድ መከላከያና ማህፀን ውስጥ ስለሚገባው ሉፕ የሚወራው ወሬ ብዙ እንቅልፍ ነስቶኛል። ትዳሬንም ሊበጠብጠው ምንም አልቀረውም ነበር። ያንኑ ወሬ ዛሬም ከእኔ በኋላ ወደ ፓርኩ ከመጡት ልጆች አፍ እሰማዋለሁ፤ ቃሉ እንኳን አልተቀየረም።

ወሬውን የሚያወሩትን ሴቶች ግን አልወቅስም። ፍርሃታቸው እንዲያው ከሜዳ የመጣ አይደለም። እያንዳንዱ ወሬ ሥሩ ላይ አንዲት ትንሽ እውነት አለችው። ያቺን እውነት ባለሙያ ቀድሞ ካልነገረን፣ የደረሰብን ቀን ጎረቤት ይተረጉምልናል። የጎረቤት ትርጉም ደግሞ ሁሌም ከነገሩ የከፋ ነው።

የእኔ ነገር የጀመረው በሦስት ወሩ መርፌ ነው። ዲፖ የሚሉት። ትዳር እንደያዝኩ እሱን ጀመርኩ፤ አልጠላሁትም። ችግሩ ቀኑ ሲደርስ ፈረቃዬ ከጤና ጣቢያው ሰዓት ጋር ይጋጭብኝ ነበር። ፈቃድ ስጠይቅ "ምን ሆነሽ ነው?" እባላለሁ፤ ወንድ አለቃ ፊት ቆሞ መርፌ ልወጋ ነው ማለት ለብዙዎቻችን ይከብደናል። እንዲህ እየተጋፋሁ ቆየሁና ልጅ ስንፈልግ አቆምኩት።

እርግዝናው ግን አልመጣም። ወር ሄዶ ወር ሲተካ ዝም አለ። አማቴ ከገጠር መጥታ "መርፌው ማህፀንሽን አድርቆት ነው" አለችኝ። ባለቤቴ ምንም አላለም፤ ዝምታው ግን ከንግግርም ባሰብኝ። ለገብርኤል ተሳልኩ፣ ማታ ማታ አለቀስኩ። ዓመት ገደማ ከሆነ በኋላ ነው ያረገዝኩት።

ኋላ እንደተረዳሁት፣ ከዲፖ በኋላ መዘግየት የታወቀ ነገር ነው። የመጨረሻው መርፌ ከተወጋ በኋላ ለማርገዝ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይወስዳል። አንዳንዷ ቶሎ ታረግዛለች፣ አንዳንዷ ከዚያም ትዘገያለች። መዘግየት ነው እንጂ መካንነት አይደለም። ይህን አንድ ሰው መርፌውን ስጀምር ቢነግረኝ ያ ሁሉ ለቅሶ አይኖርም ነበር። ማንም ስላልነገረኝ ግን በግቢያችን እኔ ራሴ የወሬው ማስረጃ ሆንኩ። "እሷን አታዩም? በሦስት ወሩ እንዲህ ከሆነች፣ ሦስት ዓመት ክንድ ውስጥ የሚቀመጠውማ ምን ሊያደርግ ነው!" ተባለ። አያችሁ፣ የመርፌው ነገር እንዴት ወደ ሌላው እንደተዛመተ። ክንድ ላይ የሚቀበረው ሲወጣ መድኃኒቱ በቀናት ውስጥ ከሰውነት ይጠፋል። ሉፕም ከወጣ በኋላ ማርገዝን አያዘገይም። የመርፌው መዘግየት የመርፌው ብቻ ነው።

ልጄ ተወለደና የ45 ቀን ክትባት ላስከትበው ስሄድ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉ እዚያው ጎን ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የግቢያችን ቡና ላይ ስለ ክንዱ ያልተባለ ነገር አልነበረም። አንዷ የእህቷ ጎረቤት ክንድ ላይ የተቀበረው ተነሥቶ ልቧ ጋ ደረሰ አለች። ሌላዋ "ማሽን ላይ ለምትውል ሴት አይሆንም፣ ክንድ ያዝላል" አለች። ሌላዋ ደግሞ ምግብ ይፈልጋል፣ ወተትና ሥጋ የማታገኝን ሴት ያከሳታል አለች። አማቴ ያሳሰባት የልጁ ወተት መድረቁ ነበር።

እንዲያም ሆኖ አስቀበርኩት። ሁለተኛ እርግዝና ወዲያው ከመጣብኝ ሥራዬም ጤናዬም ይሄዳል ብዬ ፈርቼ ነበር። ነገሩ ራሱ ቀላል ነው። ግራ ክንዴን ከውስጥ በኩል በመርፌ አደነዘዙት፤ ያመመኝ ያች መርፌ ብቻ ናት። ከዚያ የክብሪት እንጨት የምታክል፣ 4 ሳንቲሜትር ርዝመት ያላት ለስላሳ ዘንግ ቆዳዬ ሥር ገባች። መስፋት የለም። በፋሻ ታሰረና ለጥቂት ቀን ውኃ እንዳይነካው ተባልኩ። ኢምፕላኖን የምትባለው ባለ አንዷ ነች፣ ለ3 ዓመት። ሁለት ዘንግ ያለው ጃዴል ደግሞ ለ5 ዓመት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ። ከአልጋው ሳትነሡ ዘንጉን በጣታችሁ ዳስሱት። ባለሙያዋ ካላስዳሰሰቻችሁ እናንተ ጠይቁ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ወተቴ አልደረቀም። ይሄም ወሬ ሥር አለው፤ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያለበት እንክብል የአራስን ወተት ሊቀንስ ስለሚችል አራስ ሴት እንዳትወስደው ይመከራል። ክንድ ላይ የሚቀበረው ግን ኤስትሮጅን የለበትም። ክንዴም አልዛለም፤ ለጥቂት ቀን በለዘ፣ ከበድ ያለ ነገር አላነሣሁበትም፣ ከዚያ ወደ ማሽኔ ተመለስኩ። የተለየ ምግብም አልጠየቀኝም፤ እንጀራችንን በሽሮ እየበላሁ ነው የቆየሁት።

ፈተናው የመጣው ልጄ ምግብ መልመድ ሲጀምር ነው። ደም ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ብዙ አይደለም፣ ግን አያቆምም። ዛሬ ቆመ ስል ነገ ይመጣል። ይህን ያላየ ሰው ቀላል ሊመስለው ይችላል። ሞዴስ በየቀኑ መግዛት አለ። ሥራ ላይ የቀኑ ኮታ እየተቆጠረ መጸዳጃ ቤት መመላለስ አለ። ቤተ ክርስቲያን ገብቼ መሳለም አልቻልኩም፤ በዓመቱ የገብርኤል ዕለት፣ የተሳልኩትን ልጅ ታቅፌ፣ ከቅጥሩ ውጪ ነው የቆምኩት። ከባለቤቴም ጋር ተራራቅን። እሱ የሸሸሁት መሰለው፣ እኔ ደግሞ ለማስረዳት አፈርኩ።

ጎረቤቶቼ ማህፀኔ ቆስሏል አሉ። እዚያው ግቢያችን ውስጥ ያንኑ ኢምፕላኖን ያስቀበረች ሌላ ልጅ ነበረች፤ እሷ የወር አበባዋ ጭራሽ ቀርቷል። ለእሷስ ምን አሏት? "ደሙ እየተጠራቀመ ነው፣ አንድ ቀን ጭንቅላትሽ ላይ ይወጣል።" ሁለታችንም ሌሊት አንተኛም። እኔ ይፈሳል ብዬ፣ እሷ ተጠራቀመ ብላ።

ላስወጣው ሄድኩ። ስሙን የማልጠራው ጤና ተቋም ውስጥ የተቀበለኝ ባለሙያ ካርዴን አየና "ጊዜው ገና ነው፣ ይሄ እኮ ብር የወጣበት ነው፣ ታገሺ" ብሎ መለሰኝ። ምርመራ የለም፣ ጥያቄ የለም። ይህን ክፉኛ የምናገረው ሰውየውን ጠልቼ አይደለም። ያ መልስ ግን በቡናው ላይ የሚወራውን ሁሉ እውነት አስመሰለው። "አላልንሽም? አንዴ ከገባ አይወጣም!" ተባልኩ። እንዲያውም አንዷ በምላጭ የሚያወጣ ሰው አለ አለችኝ። እህቶቼ፣ ይህን በጭራሽ እንዳታስቡት። ክንድ ውስጥ ደም ሥርና ነርቭ አለ። እወቁት ደግሞ፦ መከላከያውን በፈለጋችሁበት ቀን የማስወጣት መብት አላችሁ። ምክንያት እንኳን ማቅረብ አይጠበቅባችሁም። አንዱ ቦታ ቢመልሷችሁ ሌላ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ።

እኔም ሌላ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እዚያ ያገኘኋት ሲስተር በዕድሜ ጠና ያለች ነበረች። "ዛሬ አውጪልኝ ካልሽ ዛሬውኑ አወጣዋለሁ፤ መጀመሪያ ግን የሆንሽውን አጫውቺኝ" አለችኝ። ይወጣል ስባል ለካ የፈራሁት ዘንጉን አልነበረም። የፈራሁት መታሰሩን ነበር። እንደሚወጣ ሳውቅ ረጋ ብዬ ማዳመጥ ቻልኩ።

ሲስተር መጀመሪያ እርግዝናና ኢንፌክሽን አለመኖሩን አየች። ሌላ መድኃኒት እወስድ እንደሆን ጠየቀችኝ። ከዚያ አስረዳችኝ። መድኃኒቱ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያሳሳዋል። ሲሳሳ የአንዷ እንደ እኔ ያለ ሰዓቱ ጠብ ጠብ ይላል፤ የሌላዋ ደግሞ የሚወርድ ነገር ስለሌለ የወር አበባዋ ይቀራል። የሚጠራቀም ደም የለም፤ ያልተሠራ ነገር አይጠራቀምም። ማህፀንም አልቆሰለም። የደም መዛባት የዚህ መከላከያ ዋናው ጠባይ ነው፣ ሴቶች ቶሎ የሚያስወጡትም ከምንም በላይ በዚህ ምክንያት ነው። ለብዙዎች ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ይሻላቸዋል፣ ለአንዳንዶች ግን አይሻላቸውም። ጨጓራ አለመኖሩን ጠይቃ አይቡፕሮፌን ለ5 ቀን አዘዘችልኝ፤ እናንተ ግን ሳታማክሩ እንዳትጀምሩት።

ሙሉ በሙሉ ጠፋልኝ ብዬ አልዋሽም። ቀነሰ፣ ከዚያም የምችለው ሆነ። ዋናው ነገር የምን ደም እንደሆነ ማወቄ ነበር። ለዚያች ለጎረቤቴም በማግስቱ ነገርኳት፤ እሷ ራሷ ሄዳ ሲስተርን አነጋግራ መጣች።

ባለቤቴንም በሌላ ቀን ይዤው ሄድኩ። ወንዶችን ውጪ አስቀምጠን እቤት መጥተን ከማስረዳት ይሄ ይሻላል። የሚጠይቀውን ራሱ ጠየቀ፤ "ሌላ ልጅ እንወልዳለን ወይ?" ነበር ጥያቄው። ከዚያ በኋላ አማቴን ያስረዳው እሱ ነው።

ስለዚህ መከላከያ ከመምረጣችሁ በፊት ባለሙያዋን ጠይቋት። ደሜ ምን ይሆናል? ምን ሲሆን ልመለስ? ማስወጣት ስፈልግ የትና ማን ያወጣልኛል? የመጨረሻዋ ጥያቄ በተለይ ገጠር ላላችሁ ወይም ገጠር እህት ላላችሁ ነው። በፈረንጆቹ 2009 ኢምፕላኖን በጤና ኬላ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መሰጠት ሲጀምር፣ ሠራተኞቹ የሠለጠኑት ማስገባቱን ነበር፤ ለማስወጣት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልግ ነበር። ይህን ያልተነገራት ሴት ኬላው ጋ ሄዳ "እኛ አናወጣም" ስትባል ምን ብላ ለጎረቤት እንደምታወራ አስቡት።

ካርዳችሁንም አትጣሉ። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፎ ከሆነ በእኛው አስደግማችሁ አስጽፉት። ፎቶ አንሥታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ቤት ስንቀያይር ወረቀት ይጠፋል።

ሁለተኛ ልጅ ስንፈልግ እዚያችው ሲስተር ጋ ሄጄ አስወጣሁት። በትንሹ አደንዝዛ፣ ጥቂት ቀድዳ፣ ሳብ አድርጋ አወጣችው። ባለቤቴ ዘንጉን እጁ ላይ ይዞ አገላብጦ አየው። ብዙም ሳይቆይ አረገዝኩ። ግቢያችን ውስጥ ከዚያ በኋላ ስለ መካንነት ስሜ አልተጠራም።

አሁን ወደ ዳሰሳው ልመለስ። የሥራ ባልደረባዬ ልታስወጣ ሄዳ ዘንጉ በጣት አልተገኘም። "ልቤ ጋ ሄደ" ብላ እየተንቀጠቀጠች ደወለችልኝ። ሲቀበር ጠልቆ ገብቶ ነበር እንጂ እዚያው ክንዷ ውስጥ ነው ያለው፤ በአልትራሳውንድ ታይቶ ሆስፒታል ወጣላት። ዘንጉ ከቦታው ርቆ የሚሄደው እጅግ በጣም አልፎ አልፎ ነው። ብዙውን ጊዜ "ሄደ" የሚባለው ጠልቆ የተቀበረው ነው። ሲገባ የተዳሰሰ ዘንግ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ አያስቸግርም። በጣት ካልተገኘ ግን በግምት ክንዳችሁን እንዲቀድ ለማንም አትፍቀዱ፤ መጀመሪያ በምርመራ ይፈለግ።

ከሁለተኛው ልጅ በኋላ ሉፕ መረጥኩ። ሁለት ልጅ ይበቃናል ብለን ስለነበር፣ 10 ዓመት የሚያገለግለው የመዳቡ ሉፕ ተስማማን። ሆርሞንም የለበትም። ስለ ሉፕ የሚወራው ከክንዱ ይብሳል። ማህፀን ይበሳል፣ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይገባል፣ ወንዱን ይወጋል፣ ካንሰር ያመጣል። መብሳት አለ፤ ሲገባ የሚደርስ ነገር ነው፣ ከ1000 ሴቶች አንዷ ገደማ ላይ። ስለዚህ የሠለጠነ ባለሙያ ጋ ማስገባት ነው መፍትሔው። ወንዱን የሚነካው ሉፑ ሳይሆን ከሉፑ ጫፍ ወደ ታች የሚወርደው ክሩ ነው። ባለቤቴ ተሰማኝ አለ፣ ሄጄ ለባለሙያዋ ነገርኳት፣ አሳጠረችው፣ አለቀ። ካንሰር አያመጣም።

እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የከበደኝ ራቁቴን አልጋው ላይ መውጣቱ ነበር። በር ይዘጋልኝ፣ ሴት ባለሙያ ትሁንልኝ ብዬ ጠየቅሁ፤ እሺ አሉኝ። እናንተም ጠይቁ፣ ነውር የለውም። ሲገባ እንደ ከባድ የወር አበባ ቁርጠት ያመኝ ነበር፣ ለጥቂት ደቂቃ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የወር አበባዬ በዛ፣ ቁርጠቱም ጨመረ። ግን ቀድሞ ስለተነገረኝ አልደነገጥኩም። ያው እኔ ነኝ፣ ያው ግቢ ነው፣ ያው ቡና ነው፤ ልዩነቱ ቀድሞ መነገሩ ብቻ ነበር። ደም ማነስ ያለባችሁ ግን ከመግባቱ በፊት ለባለሙያዋ ንገሯት፣ የመዳቡ ሉፕ ደም ያበዛልና።

ከገባ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ትኩሳት፣ ከእምብርት በታች የሚጠና ሕመም ወይም ሽታ ያለው ፈሳሽ ከመጣ በዚያው ቀን ሂዱ። አባላዘር በሽታ ያለባት ሴት ሳትታከም ካስገባች ኢንፌክሽን ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ "ሉፕ መካን ያደርጋል" የሚባለው አንዱ ሥሩ ይህ ነው። ክሩ ከጠፋባችሁ ወይም ከረዘመባችሁም ወጥቶ ሊሆን ይችላልና እስክትታዩ በኮንዶም ተጠቀሙ።

ለፓርኩ ልጆች የምለው አለኝ። ብዙዎቻችሁ ያላገባችሁ ናችሁ። "ሉፕና ክንድ ለወለደች ነው" ትሉኛላችሁ፤ አይደለም፣ ላልወለደችም ይሆናል። ፖስት ፒልን በየሳምንቱ የምትውጡ አሉ። እሱ ለድንገተኛ ነው፣ እንደ ዋና መከላከያ አያስተማምንም። እንክብል በየቀኑ መዋጥም በፈረቃ ሥራ ይረሳል፤ እንደ ተለመደው አጠቃቀም ከ100 ሴቶች 7ቱ በዓመት ውስጥ ያረግዙበታል። ክንድ ላይ በሚቀበረው ግን ከ1000 አንዷ ናት። በመንግሥት ጤና ጣቢያ አገልግሎቱ በነፃ ነው፣ የጋብቻ ወረቀት አያስፈልግም። የክንዱም ሉፑም ኤችአይቪንና ሌሎች አባላዘር በሽታዎችን አይከላከሉም፤ ኮንዶሙን አትተዉት።

ለሁሉም ሴት ይሆናል እያልኩም አይደለም። የጡት ካንሰር ያለባት ወይም የነበረባት፣ ከባድ የጉበት ሕመም ያለባት፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት ሴት ለባለሙያ ሳትናገር አታስቀብር።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ክንዷ ላይ ኢምፕላኖን ያላት ሌላ ባልደረባችን በቅርቡ የቲቢ መድኃኒት ጀመረች። ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት የኢምፕላኖንን ኃይል ያደክመዋል። አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችና ኤፋቪሬንዝ የሚባለው የኤችአይቪ መድኃኒትም እንዲሁ ናቸው። የቲቢ ክፍሉ ስለ ክንዷ አልጠየቃትም፣ እሷም አልተናገረችም። ይዣት ወደ ሲስተር ሄድኩና ወደ ሉፕ ቀየረችላት፤ ሉፕንም የሦስት ወሩን መርፌም ይሄ መድኃኒት አይነካቸውም። ስለዚህ ለምንም ሕመም ይሁን ሐኪም ቤት ስትገቡ፣ ባትጠየቁም "ክንዴ ላይ የወሊድ መከላከያ አለ" በሉ።